«ደህና ነን» ብለን ያጣነው ግንብ

ላስመዘግበው የምፈልገው በደል ይህ ነው። ለጠየቀን ሰው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ብለን ስለመለስን፣ ለእኛ ሊሠራ የነበረው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተነሥቶ ለማዶው ሰፈር ተሰጠ። በዚያው ክረምት ጎረቤቴን አስካለን ውሃ ወሰዳት።

ነገሩ የሆነው አምና ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከልቤ ግን አልወጣም። የሚያንገበግበኝ ጎርፉ ብቻ አይደለም። ጎርፍ የአላህ ሥራ ነው፣ ከእሱ ጋር ክርክር የለኝም። ግንቡን ከዚህ አንሥቶ እዚያ ያደረገው ግን ሰው ነው። ሰው ያደረገውን ነገር ሰው ይጠየቅበታል ብዬ ነው ያደግሁት።

መሬማ እባላለሁ። የምኖረው በሸዋሮቢት ከተማ ጫፍ፣ ጠጠር ሜዳ በምንለው ሰፈር ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጆቼንና የልጅ ልጆቼን ለማስመዝገብ ብቻ ነው። የጎደለ ቢኖር አንባቢ ይሙላልኝ።

ሰፈራችን ጨረቃ ቤት ነው። ካርታ የለንም። ከገበሬ በቃል ገዝተን፣ ጭቃ አቡክተን፣ ቆርቆሮ አልብሰን የገባንበት ነው። ከፊሉ ሰው የቤት ኪራይ አሸንፎት ከመሀል ከተማ የወጣ ነው፤ እኔ ከእነሱ ነኝ። ከፊሉ አጣዬ ላይ ቤቱ ተቃጥሎበት የመጣ ነው፤ አስካለ ከእነዚያ ነበረች። ቦታው የረከሰልን ደረቅ ወንዝ ዳር ስለሆነ ነው። በጋውን አሸዋ ብቻ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ክረምት ሲሆን ግን ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ ሁሉ ተንከባሎ በእኛ በኩል ያልፋል። እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ በጠራራ ፀሐይ ጎርፍ ይመጣል። ይህን ቆላ ላልኖረ ሰው ስነግረው የቀለድኩበት ይመስለዋል።

አኗኗራችን እንዲህ ነበር፤ አሁንም እንዲህ ነው። መብራት የሚመጣልን አስፋልቱ ዳር ካለ አንድ ሰው ቆጣሪ ነው። ገመዱ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ሰፈሩን ያዳርሳል። ነፋስ ሲነሣ ገመድ ከገመድ እየተነካካ እሳት ይተፋል፤ ያኔ ልጆቹን ሰብስበን ቤት እንከታለን። ውሃ በአህያ ጋሪ በበርሜል ይመጣል። ባጃጅ አሸዋው ውስጥ ስለሚሰምጥ አይገባም። ምጥ የያዛትንም የታመመንም በቃሬዛ ተሸክመን ነው አስፋልት የምናደርሰው።

ለጎርፉ ደግሞ ቸርኬ አለን። የከባድ መኪና ጎማ ብረት ነው፤ ከእኔ ቤት አጠገብ ካለው ግራር ላይ ሰቅለነዋል። ላይኞቹ ቤቶች የወንዙ ድምፅ ሲለወጥባቸው ይጮኻሉ፤ እኔ ቸርኬውን በብረት እቀጠቅጣለሁ፤ ያን የሰማ ሁሉ ልጁን አንሥቶ ኮረብታው ላይ ይወጣል። ቅርብ ስለሆንኩ ሥራው የእኔ ሆነ። የሾመኝ ሰው የለም።

አስካለ አመታቴን ስታሾፍበት ነበር የምትኖረው። «መሬማ፣ አንቺ ስትመቺው እኮ ጎርፉ ራሱ ደንግጦ ነው የሚሮጠው» ትለኛለች። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እሷ ክርስቲያን እኔ ሙስሊም፤ በፋሲካ የእሷ ዶሮ፣ በአረፋ የእኔ በግ፣ ሁላችንም በየእምነታችን ያረድነውን እየበላን፣ ሽታውን ግን ተካፍለን ኖርን። «ሽታው ነውር የለውም፣ ሳቢ» እያለች ግድግዳውን ትደበድብልኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በፊት ደም ግፊት ጥሏት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ። ምላሷ ብቻ እንደ ድሮው ቀረላት። ልጇ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ለመድኃኒቷ ትልካለች። እኛ ጎረቤቶቿ ደግሞ ተራ ገብተን እናነሣታለን፣ እናጥባታለን፣ እናበላታለን።

ከጎርፉ በፊት በነበረው በጋ ከጽሕፈት ቤት ሰዎች መጡ። የየትኛው እንደሆነ ስሙን አልጠራም፤ ራሱ ያውቀዋል። በእኛ በኩል ባለው የወንዙ ዳር ላይ እየዞሩ ድንጋዮቹን ቀይ ቀለም ቀቡ። ድንጋይ በሽቦ እየታሰረ ግንብ ይሠራላችኋል፣ ክረምት ሳይገባ ይጀመራል አሉን። ያን ቀን ሰፈሩ ሠርግ የመጣበት መሰለ። አስካለ አልጋዋን ወደ በሩ አስጠግተንላት ቀዩን ቀለም ስታይ ዋለች።

ብዙም ሳይቆይ ቤዛ የምትባል ልጅ መጣች። ከዩኒቨርሲቲ ናት። ካርታ የሌላቸው ሰፈሮች ያለ መብራት፣ ያለ መንገድ፣ ያለ ጥበቃ እንዴት እንደሚኖሩ አጠናለሁ አለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። የሰጠናትን ውሃ ጠጣች፣ መሬት ቁጭ አለች፣ ስልኳን እያየች አላዋራችንም። በየቤቱ እየገባች ስትጠይቅ ሰነበተች።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ልንገራችሁ። እንግዳ «እንዴት ናችሁ?» ሲል ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ቤት ቢቃጠልም እንዲሁ ነው፣ ልጅ ቢሞትም እንዲሁ ነው። ምስጋናው ቀድሞ ይወጣል፤ ችግሩ ኋላ፣ ከተለማመዱ ወዲያ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። ገና ከደጅ ለገባ ሰው ጉድለትን መዘርገፍ ፈጣሪን ማማረር ነው፤ ደግሞም የጎረቤትን ገመና መግለጥ ነው።

ቤዛ ግን በየቤቱ የቆየችው ምስጋናው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነበር። «ጎርፍ ሲመጣ እንዴት ትሆናላችሁ?» ትላለች። አሸዋ የሚያወጣው ሁሴን «አልሐምዱሊላህ፣ ምን እንሆናለን፣ ደወሉ ይነግረናል፣ እንወጣለን» ይላታል። ቀጥላ ያለችው ሴትዮ «ተመስገን፣ ለምደነዋል» ትላታለች። ሁሉም እንዲሁ ነው ያላት።

አስካለ ቤት ስትገባ እኔም አብሬ ነበርኩ።

«እርስዎ እንዴት ነው የሚወጡት?» አለቻት።

«እኔማ እግዜር ይመስገን፣ ጎረቤት አለኝ» አለች አስካለ። «ቸርኬው ሲመታ አራት ጎረምሳ ተሸክሞኝ እንደ ንግሥት ነው የምወጣው። ኮረብታው ላይ ከመሬማ ቀድሜ ነው የምደርሰው። እሷ በእግሯ ናት፣ እኔ በሰው ነኝ።»

ቤዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አስካለ የተናገረችው ውሸት አልነበረም። ካቻምና እንዲያ ሆኖ ነበር፤ ዓርብ ቀን ስለነበር ወንዶቹ ሁሉ ሰፈር ነበሩ። ያልተናገረችው ሌላውን ቀን ነው። ክረምት ላይ ወንዶቹ ከንጋት ጀምሮ ማሾ አረም ላይ ናቸው፤ ሰፈሩ የሴትና የሕፃን ነው። ይህን ብትል ግን እኛን በእንግዳ ፊት ማሳጣት ሆነባት። ጎረቤቶቼ አያወጡኝም እንዴት ትበል?

እኔ ግን ተናግሬያለሁ። ቤዛን እስከ አስፋልቱ ስሸኛት መንገድ ላይ ነገርኳት። «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ሰው ደህና ነን ያለሽ ለሰላምታ ነው። ቀን ቀን ሰፈራችን ወንድ የለውም። ቸርኬ የሚያወጣው እግር ያለውን ነው። አስካለን የሚያወጣት የለም። ግንቡ ነው የሚያስፈልገን» አልኳት። ቆማ ጻፈችው። ሲጻፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ስብሰባ ጠሩን። ከተማ፣ አዳራሽ ውስጥ ነው። የሰፈሩ ሰዎች ሆነን ጥቂት ሄድን። ግድግዳው ላይ ፎቶ በብርሃን ያሳያሉ። ድንገት ቤዛ ባነሣችው ፎቶ እኔው ወጣሁ። አፌን ከፍቼ ቸርኬውን ስመታ፣ ግድግዳውን የሞላ መሬማ። ሰዉ አጨበጨበ። አንዱ ኃላፊ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ተናገረ። የጠጠር ሜዳ ሕዝብ በራሱ አቅም አደጋን የሚቋቋም፣ የራሱ የማስጠንቀቂያ ዘዴ ያለው፣ አቅመ ደካማውን በጎረቤት ትብብር የሚያወጣ፣ በኑሮው የሚያመሰግን አርአያ ማኅበረሰብ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል አለ። ማዶ ያለው ሰፈር ግን እንዲህ ዓይነት ዘዴ ስለሌለው፣ የተያዘው ግንብ በቅድሚያ ለማዶ እንዲሆን ተወስኗል አለ።

ማዶ ያሉት ሰዎች ጠላቶቼ አይደሉም። እነሱም ጎርፍ ያገኛቸዋል። ግን እነሱ ከፍታው ላይ ናቸው፤ ያጡት ቢኖር አጥርና ጓሮ ነው። ደግሞ ካርታ አላቸው።

እጄን አወጣሁ። ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ።

«ቸርኬ ውሃ ያቆማል ወይ?» አልኩ።

ሰዉ ሳቀ። ኃላፊውም ፈገግ አለ። «እናታችን፣ እናንተ እኮ ከግንብ የበለጠ ነገር ነው ያላችሁ። አንድነት አላችሁ» አለ። እንደገና ተጨበጨበ። ቀጥዬ ልናገር አፌን ስከፍት ጭብጨባው አልቆም አለ። በጭብጨባ አስቀመጡኝ። ስንወጣ ለእኔ ኮፍያ ሰጡኝ።

ቤት ስደርስ አስካለ እየጠበቀችኝ ነበር። «ምን ሰጧችሁ?» አለች።

«ኮፍያ።»

ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «ደህና ነው። ጎርፉ ከላይ ከመጣ ይጠቅመናል» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልቀለደችም።

የማዶው ግንብ ክረምት ሳይገባ አለቀ። ጠንካራ ግንብ ነው፤ ሥራውን አላማም። እኛ በኩል ያሉት ቀይ ድንጋዮች ግን ቀለማቸው በፀሐይ ነጣ። ሁሴን አንድ ቀን ወንዙ መሀል ቆሞ ግራና ቀኙን ሲያይ አገኘሁት። «እትዬ መሬማ፣ አይታይዎትም? ወንዙ አንድ እጁን ታሰረ፤ ከእንግዲህ በሌላው እጁ ነው የሚመታን» አለኝ። ይህን ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው መስክ ወጥቷል ተባልኩ። ደግሜ ሄድኩ። በስልጠና ላይ ነው ተባልኩ። ከዚያ ክረምቱ ገባ።

ቀኑ ብራ ነበር። ዙህር ሰግጄ መነሣቴ ነው። ልጆቹ ትምህርት ስለተዘጋ ሰፈር ውስጥ ይሯሯጣሉ፤ ወንዶቹ ማሾ ላይ ናቸው። ወደ ደጋው ስመለከት ተራራው ጠቁሯል። ልቤ አልወደደውም፤ ወጥቼ ግራሩ ሥር ቆምኩ። ብዙም ሳልቆይ ላይኞቹ ቤቶች ጮኹ።

ቸርኬውን መታሁት። እንደዚያን ቀን መትቼው አላውቅም። ሴቶቹ ልጅ አዝለው፣ ልጅ እየጎተቱ ወጡ። ሰፈሩ ባዶ ሲሆን ብረቱን ጥዬ ወደ አስካለ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል በእኔ ጉልበት ነው።

አልጋዋ ላይ በግራ ክንዷ ተደግፋ ቀና ብላለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ደወሉን ትተሽ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለችኝ።

«ሁሉም ወጥቷል።»

«ታዲያ አንቺስ ሁሉም አይደለሽም?»

«ዝም በይና አንገቴን ያዢ።»

በደህናው እጇ አንገቴን ያዘች። ላነሣት ሞከርኩ። የታመመ ሰው ገላ ይከብዳል፤ ያነሣ ያውቀዋል። ወገቧን አቅፌ ከአልጋው ጫፍ አደረስኳትና ሁለታችንም መልሰን አልጋው ላይ ወደቅን። «ጉልበትሽ ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል» አለችኝ። ፍራሹን ከእሷ ጋር መሬት አውርጄ ልጎትት አሰብኩ። ፍራሹን ሳስተካክል ውሃው በበሩ ሥር ገባ። ቀይ ነው፣ ወፍራም ነው፣ እንጨትና ሣር ይዟል። በሩን ስከፍተው ውጭው ወንዝ ሆኗል። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን አድርሰው ሊረዱኝ ሲመለሱ አየኋቸው፤ ውሃው ከጉልበታቸው አልፎ መለሳቸው። ከውሃው ወዲያ ቆመው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። የሚሉት አይሰማኝም።

ድሮ እንዲህ ቶሎ አይሞላም ነበር። ከማዶው ግንብ ተጋጭቶ የተመለሰው ውሃ ነበር ቤታችን የገባው።

አልጋው ላይ ወጥቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ይህን ስጽፍም ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ አላገኘሁም።

«ሂጂ መሬማ። በዚያ በኩል፣ በጓሮ ብትወጪ ትደርሻለሽ» አለችኝ።

«አልሄድም።»

«የልጅ ልጆች አሉሽ።»

«ኮረብታው ላይ ናቸው።»

«ግትር ነሽ። ሰውዬሽ ነፍሱን ይማረውና እንዴት እንደቻለሽ» አለች። በግራ እጇ ሻሼን አስተካከለችልኝ። እሷ የእሷን ጸሎት ጀመረች፣ እኔም የእኔን። አንዳችን የሌላችንን አላቋረጥንም።

በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ ከሥሩ ሟሟ። ጭቃ ቤት ነው፤ ሲርስ አይጮህም፣ ቁጭ ነው የሚለው። ውሃው በአንድ ጊዜ ሲገባ አልጋው ተነሣ። እኔ የመሀሉን ምሰሶ በአንድ እጄ ይዣለሁ፣ በሌላው እጄ ቀሚሷን ይዣለሁ። አልጋው ተገለበጠ። ቀሚሷ እጄ ላይ ቀረ፤ ቁራጩ ነው። ከዚያ ወዲያ እሷን አላየኋትም። ምሰሶው አልወደቀም። እኔን ምሰሶው ላይ ያገኙኝ ከማሾ ማሳ ሮጠው የደረሱት ወንዶች ናቸው። ውሃው ያን ጊዜ መጉደል ጀምሮ ነበር።

እሷን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከታች፣ ማሽላ ውስጥ አገኟት።

የእኛ ሰፈር ቅሬ፣ የመቃብር ማኅበራችን ማለቴ ነው፣ እስላም ክርስቲያን አይልም። አንዱ ሲሞት ሁሉም ይቆማል። በማግስቱ የእኛ ልጆች ከክርስቲያኖቹ ጋር እየተቀባበሉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸከሟት። ማንም ሥራ አልሄደም። ያን ቀን ተሸካሚ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ለአንዲት ቀጭን ሴት ያን ያህል ትከሻ ሲሽቀዳደም ሳይ፣ እኔ ዞሬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጇ ከጅዳ ደወለች። ወሬውን ሌሎች ነግረዋታል። እኔን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እትዬ መሬማ፣ ማን ነበር አብሯት?»

«እኔ ነበርኩ።»

«እንኳን ብቻዋን አልሆነች» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቤዛም አስደወልኩ። ያ ጥናትሽ ምን ብሎ እንደነበር ልወቅ ብዬ ነው። ስልኩን አንሥታ «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» ስትለኝ አፌ ቀደመኝና «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አልኳት። ከዚያ አስካለ መሞቷን ነገርኳት። ስታለቅስ ሰማኋት። ማስታወሻዋን አውጥታ፣ እኔ መንገድ ላይ የነገርኳትን ቃል በቃል አነበበችልኝ። ቀን ወንድ የለም፣ እግር የሌለውን የሚያወጣው የለም፣ ግንቡ ያስፈልጋቸዋል። ሁሉንም ጽፋዋለች።

«ታዲያ ይኼ የት ሄደ?» አልኳት።

«አላውቅም እማማ። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ከጥናቴ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው የወሰዱት። ማስጠንቀቂያችሁን፣ ትብብራችሁን፣ አመስጋኝነታችሁን። ሌላውን አላነበቡትም ወይም አልፈለጉትም። ለእኔም ስብሰባውን አልነገሩኝም።»

አልተጣላኋትም። እሷ ግማሽ አልጻፈችም። ግማሽ የሰሙት ሌሎች ናቸው። ግን ቤዛም ብትሆን፣ ሰው ምስጋናውን ጨርሶ ወደ ችግሩ እስኪገባ ድረስ በየቤቱ ትንሽ ቆይታ ቢሆን ኖሮ፣ ችግሩን የሚናገር የአንዲት አሮጊት ቃል ብቻ ባልሆነ ነበር። የሰፈሩ ሁሉ ቃል በሆነ ነበር። ይህንንም ነገርኳት። «እውነትዎን ነው» አለችኝ። እውነቴን መሆኑ ምን ያደርግልኛል?

ከአርባው በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መመላለስ ጀመርኩ። ጥበቃው ለመደኝ፤ ወንበር ያመጣልኛል። አንዱ ወጣት ሠራተኛ፣ ሰፈራችሁ ሕገወጥ ስለሆነ በጀት አይፈስበትም አለኝ። «ስታጨበጭቡልን ሕጋዊ ነበርን?» አልኩት። ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ሌላዋ፣ ማመልከቻ ይጻፉ አለችኝ። በእጄ ጻፍኩ። አጻጻፉ ትክክል አይደለም ብላ መለሰችብኝ። እንደገና ጻፍኩ። የሚጠይቁኝን ሁሉ ሠራሁ፤ አንድ ቀን የሚጠይቁኝ ሲያልቅባቸው መልስ መስጠት አለባቸው ብዬ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አልነበረም። ካሣ አልጠየቅሁም። ያ ግንብ ከእኛ ላይ ለምን ተነሣ? ተሳስተናል በሉኝ፤ ወይ አልተሳሳትንም በሉኝና ምክንያቱን ንገሩኝ። ይኼው ነው።

አሁን ሳስበው የሚከብደኝ ነገር ቁጣዬን የማሳርፍበት ማጣቴ ነው። ሁሉም ሰው ጨዋ ነው። ልጅቱ ጥሩ ናት። ጥበቃው ወንበር ያመጣል። ማዶ ያሉት ሰዎች ለቅሶ መጥተዋል። ብቻዬን ግድግዳ እንደሚገፋ ሰው ሆኛለሁ፤ የምገፋው ግድግዳ ደግሞ አይታይም። ዘንድሮም ክረምት እየመጣ ነው፤ ወንዙ ያው አንድ እጁን እንደታሰረ ነው። ላይኞቹ ቤቶች ሲጮኹ እኔ ያው ወጥቼ እመታለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

በመጨረሻ ኃላፊው አስገባኝ። ያ ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ፣ ውሃ አስመጣልኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። የአስካለን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳላቋርጥ ነገርኩት። አንዴም ሰዓቱን አላየም። ክፉ ሰው አይመስልም፤ የሚያጽናናኝ መስሎት እንደነበር ከድምፁ ያስታውቃል።

«እናቴ፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው» አለኝ። «ግን እስቲ እንዲህ ይዩት። ያ ሁሉ ሰፈር በጎርፍ ተጥለቅልቆ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኛ ጋ ይኼ የሚመዘገበው በጥሩ ውጤትነት ነው።»